መሪ የከበዳት መኪና

መካነ ሰላም ላይ ኮፈኖ ከፍቶ መቆም ሰው መጥራት ማለት ነው። ስልክ መደወል፣ ልጅ መላክ አያስፈልግም። ኮፈኖው ተነሥቶ በዘንጉ ሲደገፍ ያየ ሁሉ ጉዳዩን ትቶ ይመጣል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ ሞተሩን፣ አንድ ጊዜ ባለቤቱን ያያል፤ ከዚያ «ምን ሆነች?» ይላል። ይጠይቃል እንጂ መልስ አይጠብቅም። መልሱን ይዞ ነው የመጣው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። መኪናቸው ደግሞ ከእርሳቸው ቀድማ ጡረታ መውጣት የነበረባት፣ ከጃፓን ተነሥታ በዱባይ በኩል አዲስ አበባ የገባች፣ ከዚያ ደሴ የተሸጠች፣ ከደሴ የጉጉፍቱን ብርድና የአቀስታን ዳገት አልፋ ቦረና የደረሰች ትንሽ የቤት መኪና ናት። በ2012 ዓ.ም. ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ተጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለች መኪና ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል። «ሰውም ሲያረጅ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የጡረታ ነገር ባላሳሰበን ነበር» ይላሉ አጎቴ።

ሕመሙ የጀመራት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ጠዋት ከግቢ ስትወጣ መሪዋ እንቢ ይላል። ወደ አቀስታ የሚወስደውን መንገድ ከያዘች በኋላ እንቢታውን ጭራሽ ይረሳዋል። ተመልሳ ገበያው ዳር ልትቆም ስትል ግን ያው ነው፤ አጎቴ ከወንበራቸው ብድግ እስኪሉ ይስባሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ የመኪናዋ መብራት ደብዘዝ ይላል፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል።

ከሁሉ የሚያናድደው ሕመሙ ሰው መምረጡ ነው። ማንም በሌለበት ጎዳና ጤነኛ ናት፤ ሰው በተሰበሰበበት ትታመማለች። ለዚህ ግን መኪናዋ አትወቀስም። መኪና ቆማ መሪዋ ሲዞር ጎማው ባለበት ሆኖ መሬቱን ይፈጫል፤ ስትሄድ ግን እየተንከባለለ ስለሚዞር ብዙ አይታገልም። ስለዚህ መሪ ትልቁን እርዳታ የሚፈልገው በዝግታና በቆመበት ነው፤ ዝግታና መቆም ያለው ደግሞ ገበያ አጠገብ ነው። የገበያ ሰውም ዓይን አለው።

መጀመሪያ የደረሰው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በፊያት ኤንትሬ ረዳትነት ጀምሮ ዛሬ ሲኖትራክ የሚነዳ፣ አንገቱና ትከሻው የት ላይ እንደሚለያዩ የማይታወቅ ሰው ነው። በመስኮቱ በኩል እጁን አስገብቶ መሪውን በአንድ እጅ አዞረው። ጎማው ታዘዘ።

«ጋሼ፣ መሪው የት ከበደ? ክንድዎ ነው የቀለለው።»

አጎቴ የታሪክ ሰው ናቸውና በክንድ ጉዳይ አይሸነፉም። «ስለ ክንድ ከሆነ የምናወራው፣» አሉ፣ «እዚሁ እኛው አገር፣ መቅደላ ላይ የተቀመጠውን ሴባስቶፖልን አንሣ። ጋፋት ላይ የተሠራ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አውርደው አውጥተው፣ መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። መንገዱን እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ነው ያስጠረጉት። ስድስት ወር ያህል ያን ብረት ያዞረው ክንድ ነው። ሃይድሮሊክ አልነበረ፣ ኤሌክትሪክ አልነበረ!»

ሾፌሩ በአክብሮት አዳመጠ። «ልክ ነው ጋሼ፤ ግን እኮ ንጉሡ ገበያ ዳር፣ በሁለት ባጃጅ መሀል ላቁመው አላሉም።»

ጎሚስታው ቀጠለ። እሱ ኮፈኖ ውስጥ ያለውን ነገር አላየም፤ ሲመጣም አንገቱን ደፍቶ፣ ጎማ ጎማዋን እያየ ነው። አንዱን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገና «ንፋስ የላትም» ብሎ ፈረደ። ባጃጅ ነጂው «አራተኛው ጎማ ነው ያስቸገረዎት» አለ፤ ሦስት ጎማ የሚበቃው ሰው የሚሰጠው ምክር ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነገሩን ወደ ከፍታ ወሰደው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጉልበት ይቀንሳል አለ። ከፊሉ እውነት ነው፤ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከጉልበቱም ሩብ ያህሉን ያጣል። መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ ከፍታ ላይ መውጣቱንም አያውቅም።

ፊት ለፊት ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተናገረች። «መኪና ተገዝቶ ወዳጃ አልተደረገ፣ ጎረቤት አልተጠራ፤ ዓይን ቢበላት ምን ይገርማል?» አጎቴ አቀረቀሩ። ይህ የመኪና ምርመራ አይደለም፤ የወዳጃ፣ የጸሎትና የምርቃት ድግስ፣ የቆየ ዕዳ ነው። መሪው ሲከብድ ጊዜ አግኝቶ ብቅ አለ።

የአዲስ አበባው ዘመዳችን በስልክ መጣ። ያላያትን መኪና ከሁላችን በላይ ያውቃታል። «ጋሼ፣ እንዳይደክሙ። የመሪውን ዘንግ ከነሞተሩ፣ ከነኮምፒውተሩ ማስቀየር ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው አለኝ።» የመድኃኒቱ ዋጋ ሲነገር ኮፈኖው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው የድንጋጤ ብቻ አልነበረም፤ አድናቆትም ነበረበት። ይህን ያህል የምታስወጣ ሕመም ከተራ መኪና ጋር እንደማትውል ሁሉም ተረዳ። አጎቴም ቀና አሉ።

ከዚያ ሽማግሌው መካኒክ መጡ። መኪና መንገድ ላይ የተበላሸባቸውን ብዙ ሾፌሮች የታደጉ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። «የመሪ ዘይት ነው፤ ጎድሎ ነው» አሉና የዘይቱን ዕቃ መፈለግ ጀመሩ። ከባትሪው ጀርባ ፈለጉ፤ ከራዲያተሩ ጎን ፈለጉ፤ እጃቸውን እስከ ክርን አስገብተው ዳሰሱ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አገኙ፤ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ፣ አሸተቱት፣ በሁለት ጣት መሀል አሹት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኸው! ዘይቱ ውሃ ሆኗል።»

የመስታወት ማጠቢያው ውሃ ነበር። ለማንም ባንናገረው ይሻላል ብለን ዝም አልን፤ ዕድሜ ክብር ነው።

እርሳቸውም አይፈረድባቸውም፤ አገራችን መሪን ለረጅም ዘመን በክንድ፣ ቀጥሎም በዘይት ስታዞር ነው የኖረችው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ለዐፄ ምኒልክ ሲያስረክብ፣ በዓለም ገበያም የሚታገዝ መሪ ያለው የቤት መኪና አልነበረም። ሃይድሮሊኩ በቤት መኪና ላይ ለሽያጭ የቀረበው በ1951 እ.ኤ.አ. በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘውን ደግሞ ሱዙኪ በ1988 እ.ኤ.አ. ሰርቮ በምትባል ትንሽ መኪናው ላይ አመጣው። በነዚህ ዓመታት መሀል እኛ በቮልስ፣ በላዳና በዲኤክስ ክንዳችንን ስናሠለጥን ቆየን። ሰኔ 1 ቀን 1956 አገሩ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ሲዞር እንኳ ሾፌሩ ያዞረው በራሱ ክንድ ነበር፤ ማንም አላገዘው።

የአጎቴ መኪና ግን የዘመኑ ናት። መሪዋ ዘይት የለው፣ ፓምፕ የለው፣ ቺንጋ የለው። በመሪው ዘንግ መሀል በጥቂቱ መጠምዘዝ የሚችል ቀጭን ብረት አለ። ከላይ እጅ ይገፋል፤ ከታች ጎማው እንቢ ይላል፤ መሀል ላይ ያ ብረት ይጠመዘዛል። ሴንሰሩ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ መኪናዋ በምን ፍጥነት እንደምትሄድ ያያል፤ ከዚያ ለሞተሩ «ይህን ያህል እርዳ» ብሎ ያዘዋል። ስትቆም ብዙ፣ ስትፈጥን ጥቂት። የሃይድሮሊኩ ፓምፕ መሪው ዞረም አልዞረም ሲሽከረከር ውሎ ነዳጅ ይበላል፤ ይህኛው ግን ሲጠሩት ብቻ ነው የሚነሣው። ኩባንያዎቹ ወደ ኤሌክትሪክ የዞሩበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ቁጠባ ነው።

እንግዲህ ይህን ሞተር ደቦ የተጠራ ሰው በሉት። ደቦኛ ጉልበቱ የራሱ ነው፤ የሚሠራው ግን በተሰናዳለት ልክ ነው። ንፍሮው በሰዓቱ ከቀረበ፣ ጠላው ወይም ቀሪቦው ካልቀጠነ፣ እየዘፈነ ያርሳል፣ እየዘፈነ ያጭዳል። ድግሱ ሲሳሳ ግን ጥሎ አይሄድም፤ ይሉኝታ አለው። ማጭዱን ያነሣል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ባለቤቱ ከዳር ቆሞ ያየውና «ምነው ዘንድሮ ገብሱ ደነደነ?» ይላል። ገብሱ ያው የአምናው ገብስ ነው። ጠላው ነው የቀጠነው።

የመሪው ሞተርም በቆመ መኪና መሪ ሲዞር 40 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ሁለቱ የፊት መብራቶች አብረው የሚወስዱት 9 አምፔር ገደማ ብቻ መሆኑን ላሰበ፣ ይህ ቀላል ድግስ አይደለም። የመኪናዋ ሞተር ሥራ ፈት ሲዞር ዲናሞው ይህን ሁሉ ብቻውን ማቅረብ ስለሚያቅተው የጎደለውን ባትሪው ይሞላል። ከባትሪው እስከ መሪው ባለው መንገድ ላይ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ ልል ብሎን ካለ፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩም እንደ አቅሙ ይሠራል፤ ሾፌሩም «መሪው ከበደ» ይላል።

ኮፈኖው ዙሪያ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ሸክሙን ከሰሰ፤ ጎማው፣ ከፍታው፣ አራተኛው እግር። ግማሹ ክንዱን ከሰሰ፤ የአጎቴን ወይም የመሪውን። ስለ ስንቁ የጠየቀ አልነበረም። ቡና የምታፈላዋ ብቻ ናት ስለ ድግስ ያነሣችው፤ እሷም ስለ ሌላ ድግስ ነበር።

በመጨረሻ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ አንድ ልጅ መጣ። ሰው መጀመሪያ አልወደደውም። እጁ ዘይት አልነካውም፤ የመፍቻ ሣጥን አልያዘም፤ ከኪሱ ያወጣው አንድ ቢጫ ቴስተር ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ መልስ ይዞ አለመምጣቱ ነበር። ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ የሚከብደው ወደ ሁለቱም ጎን ነው ወይስ ወደ አንዱ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ሲከብድ መብራቱ ይደበዝዛል?»

አጎቴ ተማሪ ሲጠይቃቸው የኖሩ ሰው ናቸውና መጠየቅ ደስ አላቸው። ወደ ሁለቱም ጎን ነው፤ ሲዘገዩ ነው፤ መብራቱም ይደበዝዛል። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ወደ አንድ ጎን ብቻ ቢከብድ ኖሮ ሴንሰሩን ወይም አንዱን የጎማ መጋጠሚያ እጠረጥር ነበር አለ።

ከዚያ ከርካሹ ጀመረ። የፊት ጎማዎቹን ንፋስ ለካ፤ 30 ገደማ መሆን ሲገባው 22 ላይ ነበር። ጎሚስታው ዙሪያውን ተመለከተ፣ አገጩን አነሣ። ንፋሱ ተሞላ፤ መሪው ትንሽ ቀለለ፣ ግን አልዳነም። ጎሚስታው አገጩን መለሰ።

ቀጥሎ ክሪክ አስገብቶ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አነሣ፤ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በእጁ አዞረው። ያለ እርዳታ፣ ያለ መሬት። ይህ ብልህ ፈተና ነው፤ ሸክሙን ከትከሻው አውርዶ አጥንቱን መፈተሽ ነው። የመሪው መስቀለኛ መጋጠሚያ ዝጎ ቢሆን፣ ቲራንቲው ቢደርቅ፣ የመሪው ሣጥን ቢይዝ፣ ጎማው አየር ላይ ሆኖም እጅ ይሰማው ነበር። ምንም የለም፤ ከዳር ዳር ለስላሳ ነው። ሸክሙ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ቁልፉን ከፈተ። የመሪው ማስጠንቀቂያ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ፣ ሞተር ሲነሣ መጥፋት አለበት። ይቺ ግን ጭራሹን አልበራችም። ልጁ የዳሽቦርዱን መስታወት በጥንቃቄ ፈትቶ አነሣ፤ መብራቷ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ቴፕ ተለጥፋለች። መኪናዋ ከመሸጧ በፊት አንድ ሰው ችግሯን ከመፈለግ አፏን መዝጋት ቀሎት ኖሯል። ቴፑ ሲነሣ መብራቷ ቦግ አለች፤ ሞተር ሲነሣ ጠፋች፤ መሪው ዞሮ ሲከብድ እንደገና በራች። ስትናገር ነው የኖረችው።

አሁን ተራው የቴስተሩ ሆነ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.4 ቮልት፤ ተነሥቶ 14። ዲናሞው ደኅና ነው። «አሁን ጋሼ፣ መሪውን ያዙሩልኝ» አለ። አጎቴ ሳቡ፤ መነጽራቸው ወረደ። በባትሪው ሁለት ራስ ላይ 13.3 ነበር፤ የመሪው ኮምፒውተር ላይ ሲለካ ግን 11። ከሁለት ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። ልጁ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቦዲው ብረት ላይ አደረገና እንደገና ያዙሩ አለ። ባይበዛ 0.2 መሆን የነበረበት 2.2 አሳየ። ከባትሪው ወደ መሪው የሚሄደው መንገድ ደኅና ነው፤ የሚመለሰው ነው የተዘጋው። ብዙ ሰው የሚሄደውን ሽቦ ብቻ ያያል።

ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነሥቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን ገመድ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ገመዱ የታሰረበት ብሎን ሥር ደረሰ፤ ቀይ ዝገት፣ አረንጓዴ ዝገት፣ የክረምት ጭቃ። ብሎኑን ፈታው። ከሥሩ፣ ሮንዴላ መሆን በሚገባው ቦታ፣ በመዶሻ ተጠፍጥፎ መሀሉ የተበሳ የቢራ ቆርኪ ወጣ። ውስጡ ያለው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሣም። ሽማግሌው መካኒክ በእጃቸው ተቀበሉትና ወዲያው ጣሉት፤ ትኩስ ነበር። 40 አምፔር በዝገትና በፕላስቲክ መሀል ሹልክ ልበል ሲል ቦታውን ያሞቀዋል። መሪውን ሊያዞር የሚገባው ኃይል ቆርኪ ሲያሞቅ ኖሯል።

ሁሉም ቆርኪውን ተቀባበለው። የየትኛው ቢራ እንደሆነ ክርክር ተነሣ፤ ቀለሙ ስለለቀቀ ፍርድ አላገኘም። ልጁ በዚያ መሀል ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ የገመዱን ራስ አጸዳ፣ እውነተኛ ሮንዴላ አድርጎ አጠበቀው፣ ላዩን ውሃ እንዳይገባ ግራሶ ቀባው። እንደገና ለካ፤ 0.1። አጎቴ መሪውን ሲያዞሩ ከለመዱት ጉልበት አልቀነሱም ነበርና፣ መሪው በፍጥነት ሄዶ እሳቸውን ወደ በሩ ጣላቸው።

ሕመም ሁሉ ቆርኪ አይደለም። ኃይሉ ሁሉ በትክክል ደርሶ መሪው ከከበደ ያኔ ወደ ውዶቹ ክፍሎች ይኬዳል፤ የጥምዝማዜ ሴንሰሩ ሊያረጅ፣ የሞተሩ ካርቦን ሊያልቅ፣ የኮምፒውተሩ ብየዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያን ጊዜ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሴንሰር ወይም ኮምፒውተር ከተቀየረም በብዙ መኪና ላይ የመሪው መሀል እንደገና ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት፤ ካልተነገረው እርዳታውን ወደ አንድ ጎን ያደላል። በቀኝ መሪ መጥታ እዚህ መሪዋ ወደ ግራ ለተዞረ መኪና ደግሞ ሽቦው የተቀጠለበትን ቦታ አስቀድሞ ማየት ነው። ሌላም አለ፤ መኪና ቆማ መሪውን ከዳር ዳር ደጋግሞ የሚያሽከረክር ሰው የመሪውን ሞተር ያግለዋል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ እንዳይቃጠል እርዳታውን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ማሳረፍ እንጂ መፍታት አያስፈልግም።

ለእኛ አገር መንገድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። እርዳታው ጠፋ ማለት መሪው ጠፋ ማለት አይደለም። እጅና ጎማው በብረት ዘንግ እንደተያያዙ ናቸው፤ ሲከብድ በድንጋጤ ከመልቀቅ ይልቅ አጥብቆ መያዝና መዘግየት ነው። ከጉጉፍቱ ወደ ደሴ ሲወርዱ ወይም ከእኛ ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲኬድ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር የሚያጠፋ ሾፌር ደግሞ አለ። ሞተሩን ሲያጠፋ የመሪውን አጋዥ ያጠፋል፤ ፍሬኑም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። ሾፌሩ በጠርዙ ላይ ከሴባስቶፖል ጎታቾች ጋር እኩል ይሆናል፤ እነሱ ግን ብዙ ነበሩ።

ነገ ከነገ ወዲያ እዚህ የሚደርሱት የኤሌክትሪክ መኪኖች መሪያቸው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ክንድና ዘይት የሚያውቀው ጋራዥ ቮልት መለካት ሊለምድ ግድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ ትልቅ ማሽን አይደለም፤ ከኪስ የሚወጣ ቴስተርና አንድ ጥያቄ ነው፤ ሸክሙ ነው የከበደው ወይስ አጋዡ ነው የደከመው? አጋዡ ከደከመስ፣ ስንቁ መንገድ ላይ የት ቀረ? ልጁ ይህን ሲያስረዳቸው አጎቴ ወደ እሱ ዞረው «እኔም በክፍል ውስጥ ስንቱን ልጅ ሰነፍ ብዬዋለሁ፤ ቁርስ በልቶ መምጣቱን ጠይቄ አላውቅም» አሉ። ልጁ ምን እንደሚመልስ ጠፋውና ቴስተሩን ጠቀለለ።

ሒሳብ ሲጠየቅ የተናገረው ገንዘብ ከአንድ ጎማ ማስጠገኛ ብዙም አይበልጥም። አጎቴ ቅር አላቸው። ሰው የሶማሌ ተራውን ዋጋ ሰምቶ በአድናቆት ጸጥ ካለ በኋላ፣ በዚህ ገንዘብ መዳን ክብር የሚነካ ነገር ነው። እጥፉን ከፈሉት፤ ልጁ አልቀበልም ብሎ ግማሹን መለሰ። ለካስ እሱም ክብር አለው።

መኪናዋ ስትድን ደግሞ ሐኪሟ በዛ። ጎሚስታው ንፋሱ ነው አለ። ሾፌሩ የአጎቴን ክንድ ጨብጦ «አልኩዎት እኮ፤ ጠነከሩ» አለ። ሽማግሌው መካኒክ ግራሶው ዘይት ነውና የተናገሩት ዘይት በመጨረሻ እንደተገኘ አስረዱ። ጎረቤታችንም ወዳጃው መቼ እንደሚሆን ጠየቀች፤ በዚህ ጊዜ ቀን ተቆረጠላት። የወሎ ሰው ላላወቀለትም ቡና ይጋብዛልና ሁሉም ቁጭ አለ።

ማታ የአዲስ አበባው ዘመድ ደወለ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ሆና ተገኘች?»

አጎቴ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቆርኪ አዩት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኤሌክትሮኒክስ ነው። በቦዲው ኔጌቲቭ ሰርኪዩት ላይ ባዕድ ነገር ገብቶ ሬዚስታንስ ፈጥሮ ነበር።»

«ኧረ! ከባድ ነገር ነው። እንዴት ሆነ ታዲያ?»

«እዚሁ ነው ያሠራነው። ባለሙያ አስመጥተን።»

«ብዙ አስወጣዎት?»

«እሱን ተወው ልጄ፤» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መኪና የያዘ ሰው ገንዘብ አይቆጥርም።»